ካውንቲ የተሻገርኩ ዕለት

ባለፈው ሳምንት ባርት በሚባለው የከተማ ባቡር ውስጥ እንቅልፍ ጣለኝ። ከኦክላንድ ወደ ሳን ሆዜ እየሄድኩ ነበር፤ በጠራራ ፀሐይ፣ ቦርሳዬን እንዳቀፍኩ። ብንን ስል ባቡሩ ፍሪሞንትን አልፎ፣ አላሜዳ ካውንቲ የሚባለውን ወረዳ ለቆ፣ ሚልፒታስ ሊገባ ነው። ብቻዬን ስቄ ኖሮ አጠገቤ የተቀመጠው ጎረምሳ ጆሮው ላይ የሰካውን ነገር ነቅሎ በእንግሊዝኛ፣ “ደህና ነሽ?” አለኝ። “ደህና ነኝ” አልኩት። ምን ብዬ ላስረዳው? በወጣትነቴ ላብ አጥምቆኝ የተሻገርኩትን መስመር ዛሬ እያንኮራፋሁ አለፍኩት ብዬ ብነግረው ይገባዋል?

ያኔ ባርት እዚህ ድረስ አይመጣም ነበር። ፍሪሞንት ላይ ያበቃል። የእኔም ዓለም እዚያው ላይ ነበር የሚያበቃው፤ ቢያንስ እኔ እንደዚያ ነበር የማምነው።

በፈረንጆቹ አቆጣጠር ሁለት ሺዎቹ ከገቡ ብዙም አልቆዩም፤ እኔም ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ነኝ። አሜሪካ የመጣሁት ከአዲስ አበባ በቀጥታ ሳይሆን በጀርመን በኩል ዞሬ ነው። ጀርመን ስል ሰው ሁሉ በርሊንና ፍራንክፈርት ይታየዋል። እኔ የኖርኩት ግን ድሮ ምሥራቅ ጀርመን በነበረው በኩል፣ ባቡር እንኳን ቸኩሎ በሚያልፈው የገጠር ወረዳ ውስጥ ነው። ጀርመኖቹ ላንድክራይስ ይሉታል፤ እኛ ደግሞ ወረዳው ብቻ። ስሙን አልጠራውም፤ ለአበሻ ምላስ ስለማይመች ብጠራውም ማንም አይይዘውም።

በዚያ ዘመን ጀርመን ውስጥ ጥገኝነት ጠይቆ መልስ የሚጠብቅ ሰው ከተመደበበት ወረዳ ያለ ፈቃድ መውጣት አይችልም ነበር። አጥር የለ፣ በር የለ፣ ዘበኛ የለ። አስፋልቱ ከወረዳው ወደ ሚቀጥለው ወረዳ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ከብቱም፣ ነፋሱም፣ የሰፈሩ ውሻም ያልፋል። አንቺ ግን የወረዳው ስም የተጻፈበት የድንበር ሰሌዳ ጋ ስትደርሺ ትመለሻለሽ። ፖሊስ ባቡር ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው ፀጉርሽን ነውና መደበቂያም የለም።

ስለዚህ ወረዳውን አጠናነው። እንግዲህ ሌላ የምናጠናው ምን ነበረን? አስተማሪያችን ፍራው ሂልዳ የሚባሉ ጡረታ የወጡ የመንደር መምህርት ነበሩ። እኛ የምንኖርበት ሕንፃ ጀርመን ለሁለት ተከፍላ ሳለች የድንበር ጠባቂ ወታደሮች ሰፈር የነበረ ነው፤ እሳቸው በፈቃዳቸው እየመጡ እዚያ ጀርመንኛ ያስተምሩናል። መጽሐፍ ስላልነበረ ከድሮ ትምህርት ቤታቸው የወረዳውን ትልቅ የግድግዳ ካርታ ተሸክመው መጡ። ትምህርታችን ሁሉ ያ ካርታ ሆነ። “ዳቦው ስንት ነው?” ማለት ሳንችል በፊት የትኛው መንደር ሥር ጨው እንደሚቆፈር፣ የትኛው ወንዝ በጸደይ እንደሚሞላ፣ የቱ ቤተ ክርስቲያን በጦርነት ተቃጥሎ እንደገና እንደተሠራ አቀላጥፈን እንናገር ነበር።

መሬቱ ሜዳ ነው። ዓይን የሚያርፍበት ጉብታ የለውም፤ አፈሩ ጥቁር፣ ዝናብ ሲመታው ጫማ የሚነቅል። የሚዘሩት ስኳር የሚወጣበትን ሥር ነው፤ ቀይ ሥርን ይመስላል፣ ግን ነጭና የሰው ራስ የሚያህል። መከር ሲደርስ በየመንገዱ ዳር እንደ ግንብ ይከመራል፤ በስኳር ፋብሪካው ጭስ ወረዳው በሙሉ የተቃጠለ ድንች ይሸታል። ፍራው ሂልዳ ከዚያ ሥር ጨምቀው ያፈሉትን ጥቁር ሽሮፕ ዳቦ ላይ ቀብተው ያበሉን ነበር። እስከ ዛሬ ማር ስቀምስ መጀመሪያ ትዝ የሚለኝ እሱ ነው።

የክፍል ጓደኛዬ ጽጌ ትባላለች፤ አሥመራ ተወልዳ አዲስ አበባ ያደገች። ከተደራራቢው አልጋ እሷ ላይ፣ እኔ ታች። ፍሬኑ የማይዝ አንድ ብስክሌት በጋራ ነበረን፤ በእሱ ያልደረስንበት መንደር የለም። አንድ ቀን ፍራው ሂልዳ በመኪናቸው ወደ ወረዳው ምዕራብ ጫፍ ወሰዱንና ድሮ ሁለቱን ጀርመኖች የሚለየው አጥር የነበረበትን ቦታ አሳዩን። ሣር የበቀለበት ተራ መሬት ነው። የእሳቸው መንደር ከአጥሩ ሥር ስለነበር፣ ዘመድ እንኳን ሊጠይቃቸው ሲመጣ ፈቃድ ያስፈልገው ነበር። እህታቸው ያገባችው ከማዶ ነው፤ የሠርጉ ደወል ይሰማቸዋል፣ መሄድ ግን አይችሉም።

“አጥሩ የተከፈተ ዕለት ሰዉ ሁሉ ሮጠ” አሉን። “እኔ ግን እዚህች ላይ ቆሜ ቀረሁ። አንድ ሰው መጥቶ ‘እለፊ’ እስኪለኝ እየጠበቅሁ ነበር።”

እኔና ጽጌ ተያይተን ሳቅን። አሮጊቷ ጃጅተዋል አልን በሆዳችን።

እኔን ያሳደገችኝ አክስቴ እትዬ አስካለ ሐኖቨር ከተማ ነበረች፤ ጀርመን የሄድኩትም እሷን ብዬ ነው። እኔ የተመደብኩት ግን እሷ ጋ አይደለም። ባቡሩ ምንም ያህል አይፈጅም፤ ወረዳው ግን ሌላ ነው። አንድ ሐሙስ ማታ ሞተች። ዓርብ የፈቃድ ቢሮው በጊዜ ዘግቶ ጠበቀኝ፤ ሰኞ ፈቃዱን ሲሰጡኝ ቀብሩ አልፏል። ያን ቅዳሜ ብስክሌታችንን ነድቼ የወረዳው ሰሌዳ ሥር ተቀምጬ ዋልኩ። ተሻግሬ ልሂድ ብዬ እነሳለሁ፤ ጽጌ ወደ ዘመዷ ክርስትና ስትሄድ ባቡር ላይ ተይዛ “ሁለተኛ ብትገኚ ኬዝሽ ይበላሻል” መባሏ ትዝ ይለኝና እቀመጣለሁ። እንዲሁ ስነሳና ስቀመጥ መሸ።

ከዚያ አሜሪካ የሚኖረው አባቴ ከብዙ ዓመት በፊት የጀመረልኝ የቪዛ ጉዳይ አለቀ። ፍራው ሂልዳን ልሰናበታቸው ስሄድ፣ “የምትሄጂበት ወረዳ ማን ይባላል?” አሉኝ። አባቴን በስልክ ጠየቅሁ፤ “አላሜዳ ካውንቲ” አለኝ። እሳቸውም ካውንቲ ማለት እንግዲህ ላንድክራይስ ነው ብለው አስረዱኝና ደስ አላቸው፤ ተማሪ ልጅ እንደሚያደርገው ስሙን ደጋግመው ለመዱት።

አባቴ ኦክላንድ አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ ይነዳ ነበር፤ የምንኖረው ሳን ሊያንድሮ ነው። የተለየኝ በሕፃንነቴ ስለሆነ ስንገናኝ ሁለታችንም እንደ እንግዳ ነበርን። እኔ አንቱ እለዋለሁ፤ እሱ ደግሞ ወጥ ሲያወጣልኝ እንኳን “ይበቃሻል ወይ?” ብሎ ሦስቴ ይጠይቃል። በመጣሁ ሰሞን የሕክምና ካርድ አስወጣልኝና፣ “ይቺን እንዳትጥያት። ግን ከአላሜዳ ካውንቲ ከወጣሽ አትሠራልሽም፤ ኢንሹራንሱ የካውንቲው ነው” አለኝ።

እኔ ግን የሰማሁት ‘ከካውንቲው እንዳትወጪ’ የሚለውን ነው። አዲስ ነገር አልሆነብኝም፤ እንዲያውም የማውቀው ሀገር የመጣሁ መሰለኝ። ግሪን ካርዴ ገና አልደረሰም፤ ፓስፖርቴ ላይ የተመታች ማኅተም ብቻ ናት ያለችኝ። መጠየቅ ደግሞ ከልምዴ አይደለም። እኛ በነበርንበት “ከዚህ እንዴት ይወጣል?” ብሎ የጠየቀ ሰው ሊወጣ ያሰበ ሰው ነው።

እንደ ለመድኩት አዲሱን ወረዳዬን ማጥናት ጀመርኩ። ሄይዋርድ አንድ መጋዘን ውስጥ ዕቃ የማሸግ ሥራ አገኘሁ፤ ከመጋዘኑ ኋላ ባሕረ ሰላጤው ዳር ድሮ ጨው የሚያደርቁበት ረግረግ ነበር። እዚህም ጨው አለ ብዬ ፈገግ አልኩ። በስተ ምሥራቅ ተራራ፣ በስተ ምዕራብ ባሕር፤ በስተ ደቡብ ደግሞ ባቡሩ ራሱ ካውንቲው ሊያልቅ ሲል ፍሪሞንት ላይ ይቆማል። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ እፈልጋለሁ?

ጽጌ የጭነት መኪና ነጂ አግብታ ከእኔ ጥቂት ወራት ቀድማ አሜሪካ ገብታ ነበር፤ ከእኔ ካውንቲ ውጭ ሳን ሆዜ ትኖራለች፣ ነፍሰ ጡር ናት። በየቀኑ እንደዋወላለን።

“ነይ እንጂ አንቺ ልጅ!” ትለኛለች።

“አንቺ ነይ እንጂ፣ ባለ መኪና አግብተሽ!”

“እኔማ እግሬ አብጧል፣ መኪና ያጥወለውለኛል።”

“እኔም ኦቨርታይም ገብቼ ነው፣ ሰሞኑን ቢዚ ነኝ።”

አባቴ፣ “እሁድ ልውሰድሽ፣ አርባ ደቂቃ መንገድ ነው” ይለኛል። ደክሞኛል እላለሁ። አንድ አልጋ ላይና ታች ተኝተን፣ አንድ ብስክሌት ላይ ተፈናጠን የኖርን ሰዎች፣ አሜሪካ መጥተን በስልክ ድምፅ ብቻ ቀረን።

ግንቦት ላይ፣ አረንጓዴው ተራራ መክሰም ሲጀምር፣ ምሳ ሰዓት ላይ መጋዘኑ በር ጋ ቁጭ ብዬ ሳለሁ ስልኬ ጮኸ።

“ሂሩት፣ ውሃዬ ፈሰሰ” አለች ጽጌ።

“ባልሽስ?”

“ቴክሳስ ነው። ነገ ነው የሚደርሰው። 911 ኮል አድርጌያለሁ፣ አምቡላንስ እየመጣ ነው። ብቻዬን ነኝ።”

ነይ አላለችኝም። አንጀቴን የበላችው እሱ ላይ ነው። ብትለኝ ኖሮ ምናልባት ምክንያት እፈልግ ነበር።

አባቴ ጋ ደወልኩ፤ ተሳፋሪ ይዞ ነው መሰለኝ አያነሳም፤ መልእክት ተውኩለት። የሥራ ሽርጤን እንኳን ሳላወልቅ ሮጥኩ። ለአለቃዬ ምን እንዳልኩት አላስታውስም። ባርት ውስጥ የማስበው እትዬ አስካለን ብቻ ነበር፤ ያ ሰሌዳ ሥር የዋልኩት ቅዳሜ እንዳለ ተመለሰብኝ። ቢይዙኝም ይያዙኝ፣ ቢመልሱኝም ይመልሱኝ፤ ሁለተኛ ግን ዳር ላይ ቁጭ ብዬ አልውልም አልኩ። አልኩ እንጂ ፍሪሞንት ደርሶ ሰው ሁሉ ሲወርድ እኔ ባዶው ባቡር ውስጥ ተቀምጬ ቀረሁ። የሚያጸዳው ሰውዬ ነው መጥረጊያውን ይዞ በጭንቅላቱ ወደ በሩ ያመለከተኝ።

የሳን ሆዜ አውቶቡስ ከጣቢያው በታች ይቆማል። ሳንቲሜን ጨምሬ መሐል አካባቢ ተቀመጥኩ። አውቶቡሱ ሊነሳ ሲል አንድ ግዙፍ ሰውዬ ዘሎ ገባ። ዩኒፎርም ለብሷል፤ እጅጌው ላይ የሚቀጥለው ካውንቲ ስም በወርቃማ ክር ተጠልፏል። ጠባቂ ይሁን ፖሊስ ለይቼ አላውቅም፤ ለእኔ ሁለቱም ያው ነው። ስንት ባዶ ወንበር እያለ መጥቶ አጠገቤ ቁጭ አለ።

ፓስፖርቴን በቦርሳዬ ላይ ዳሰስኩት። “ጓደኛዬ ልትወልድ ነው፣ ማንም የላትም” የሚለውን በእንግሊዝኛ አዘጋጀሁ፤ ስጨነቅ ጀርመንኛው እየቀደመ አስቸገረኝ። አውቶቡሱ አውራ ጎዳናው ላይ ወጣ። ሰሌዳው ከሩቅ ታየኝ፤ ትንሽ አረንጓዴ ሰሌዳ ናት፣ ለማያውቃት ዓይን ውስጥም አትገባ። ሰውዬው ወደ እኔ ዘንበል አለ። አሁን ነው አልኩ። ዘንበል አለ፣ ዘንበል አለ፣ ትከሻዬ ላይ ጋደም ብሎ ማንኮራፋት ጀመረ።

ለካ የሌሊት ተረኛ ነበር፤ አጅሬ ገና ከመቀመጡ እንቅልፍ ወስዶታል። እኔም እንዳይነቃ ብዬ ሳን ሆዜ ድረስ አልተነቃነቅኩም። በሕይወቴ ሕግ ጣስኩ ብዬ ባመንኩባት በዚያች አንዲት ቀን፣ ሕግ አስከባሪውን ትከሻዬ ላይ አስተኝቼ ነበር።

ሆስፒታሉን እየጠየቅሁ ደረስኩ። ጽጌ ክፍል ስገባ ምጡ ፋታ ሰጥቷት በጀርባዋ ተኝታለች። አየችኝ። መጀመሪያ ያላመነች መሰለች፤ ከዚያ በክርኗ ተነስታ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣

“ማን ፈቀደልሽ?” አለችኝ።

“ማንም።”

“ዝም ብለሽ መጣሽ? ፖሊስ አላገኘሽም?”

“አግኝቼዋለሁ። ትከሻዬ ላይ ተኝቶ ነበር።”

ደርቃ ቀረች። እኔም ደረቅሁ፤ አጠያየቋ ገና ያን ጊዜ ነው የገባኝ። “ቆይ፣ አንቺ እኔ ጋ ያልመጣሽው እግርሽ አብጦ አይደለም እንዴ?”

“እግሬማ አብጧል” አለች ጽጌ፣ እያፈረች። “ግን ግሪን ካርዱ ሳይመጣ ከዚህ ከሳንታ ክላራ ካውንቲ ይወጣል እንዴ? እኔ ‘ነይ’ የምልሽ እኮ የአላሜዳው ላላ ያለ ከሆነ ብዬ ነው።”

“ባልሽ ታዲያ እንዴት ቴክሳስ ድረስ ይሄዳል?”

“እሱማ ዜጋ ነዋ!”

እንግዲህ መሳቅ ጀመርን። እሷ ሆዷን ይዛ፣ እኔ አልጋዋን ይዤ። ምጡ ሲመጣ ትጮሃለች፤ ሲለቃት ደግሞ “ላላ ያለ” ብላ ትስቃለች። ፊሊፒናዊቷ ነርስ፣ ምን ሆነው ነው ብላ ግራ ገባት። ጽጌ በተሰባበረ እንግሊዝኛ እንደምንም አስረዳቻት። ነርሷ የያዘችውን አስቀመጠች፤ አንዴ እሷን፣ አንዴ እኔን አየች።

“እኔ የምኖረው ፍሪሞንት ነው” አለች። “በየቀኑ ነው የምሻገረው። ማንን ነው የማስፈቅደው? ባሌን?”

ያን ጊዜ የተሰማኝን ዛሬም ደህና አድርጌ መናገር አልችልም። የከበደኝን ዕቃ ያወረድኩ አልመሰለኝም፤ ተሸክሜው እንደነበር እንኳን አላውቅም ነበርና። ብቻ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ፤ እንባዬ ዝም ብሎ ይወርዳል፣ አፌ ደግሞ ይስቃል። እፎይ አልኩ። ምሽት ላይ ሊያ ተወለደች፤ ጥቁር ፀጉሯ ግንባሯ ላይ ተጣብቆ፣ ተቆጥታ።

አባቴ የስልክ መልእክቴን ሰምቶ ታክሲውን እያከነፈ መጣ። ጽጌ ያንን ሁሉ ጉድ እየሳቀች ነገረችው። እሱ አልሳቀም። ወደ ቤት ተመልሰን በራችን ላይ ሞተሩን አጥፍቶ፣

“ለምን አልጠየቅሽኝም?” አለኝ።

“ጥያቄም ይመዘገባል ብዬ ነው፣ አባባ።”

መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ሲወለውል ቆየ። “እኔ እኮ ነፃ ሀገር አመጣኋት ብዬ ስተኛ ከረምኩ” አለ በመጨረሻ። እኔን አላየኝም።

በማግሥቱ ጽጌ ቤት ለአራስ የሚሆን ገንፎ አገነፋን፤ ባሏ ከቴክሳስ ሲገባ ቤቱ ሁሉ ቅቤ ቅቤ ይሸታል። እሁድ ሲደርስ ግን አባቴ ሥራውን ትቶ፣ ታክሲውን አጥቦ፣ “ተነሺ” አለኝ። ወዴት ነው ስለው አልመለሰልኝም። ከኦክላንድ ወደ ሰሜን ነዳን። ተራራውን እንደ ታጠፍን የመጀመሪያው ሰሌዳ ታየ። አባቴ ፍጥነቱን ቀነሰና ጡሩንባውን ረጅም አድርጎ ነፋው።

“ኮንትራ ኮስታ ካውንቲ!” አለ። “ማን ጠየቀን?”

ኋላችን ያለው መኪና ተቆጥቶ ጡሩንባ መለሰ። እኔ አፍሬ ተሸማቀቅሁ። ድልድዩን ተሻግረን ሶላኖ ስንደርስ ደግሞ ነፋው። “ማን ጠየቀን?” ናፓ መግቢያ ላይ ግን ሳልጠየቅ፣ “ማንም!” ብዬ ጮህኩ። የወይን ማሳው ዳር ቼሪ በከረጢት ከሚሸጥ ገበሬ ገዛን። ሶኖማ መግቢያ ላይ መኪናውን ዳር አስይዞ፣ “በይ ውረጂና ዞር ዞር በይ” አለኝ። ወረድኩ። ሰሌዳውን አልፌ ሄድኩ፤ ተመለስኩ፤ እንደገና ሄድኩ። አባቴ መኪናው ላይ ተደግፎ ቼሪ እየበላ፣ ፍሬውን እንደ ልጅ ወደ ቦዩ እየተፋ ያየኛል። በማሪን ካውንቲ ዞረን፣ ቀዩን ድልድይ ተሻግረን፣ ሳን ፍራንሲስኮን አቋርጠን ቤታችን ስንገባ ድምፄ ተዘግቶ ነበር።

አባቴ ካረፈ ዓመታት አለፉ። ስለዚያ እሁድ ዳግመኛ አላወራንም፤ ግን ከዚያ ወዲህ ወጥ ሲያወጣልኝ “ይበቃሻል?” ማለቱን ተወ፣ እኔም ሳልጠየቅ ጨምሩልኝ ማለት ጀመርኩ። ፍርሃት ከሀገር ሀገር አብሮ ይጓዛል፤ ቪዛም አይጠይቅም። ሲለቅ ግን ሰው ያስፈልገዋል፤ አንዱ አጠገብሽ ተኝቶ፣ አንዷ ስቃ፣ አንዱ ጡሩንባ ነፍቶ።

ሊያን ክርስትና ያነሳኋት እኔ ነኝ። ዛሬ ኮሌጅ ናት፤ አማርኛውን ትሰማለች፣ መልሱ ግን ወደ እንግሊዝኛ ያደላል። ከጥቂት ወራት በፊት፣ ብቻሽን ነው የምትኖሪው ብላ ተጨንቃልኝ፣ ስልኬ ላይ የት እንዳለሁ የሚያሳያትን ነገር ከፈተችልኝ። እሷ ስትሄድ ዘጋሁት። ትናንት መኪናዬን አስነስቼ አውራ ጎዳናው ላይ እንደ ወጣሁ ደወለች።

“ሂሩትዬ፣ ሎኬሽንሽ ኦፍ ነው! ዌር አር ዩ ጎይንግ?”

“ስመለስ እነግርሻለሁ፣ የኔ ቆንጆ።”

“በት ዋይ ካንት ዩ ጀስት ቴል ሚ?”

እስቃለሁ እንጂ ምን እላታለሁ? እውነቱን ለመናገር ወዴት እንደምሄድ እኔም ገና አልወሰንኩም ነበር።